ማጣሪያ ወንፊት አይደለም፦ በሽታ የሚያጋባ አየር በርካሽ መሣሪያ ስለሚጸዳበት ዘዴ

በቆርቆሮ ጣራ ሥር ያደገ ሰው ሁሉ አንድ የፊዚክስ ሙከራ ሳያውቀው ተመልክቷል። ጠዋት ከምስማር ቀዳዳ የሚገባው ቀጭን የፀሐይ ጨረር ጨለማውን ቤት ሰንጥቆ ሲያልፍ፣ በውስጡ እልፍ አእላፍ ብናኞች ሲዋኙ ይታያሉ። ከጨረሩ ውጭ ያለው አየር ግን ባዶና ንጹሕ ይመስላል። ብናኙ ጨረሩ ባለበት ብቻ የተከማቸ ሆኖ አይደለም፤ ቤቱን ሁሉ ሞልቶታል። ጨረሩ ያደረገው ለዐይናችን መግለጥ ብቻ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ጉዳይ ከዚሁ ትዕይንት ይነሳል። ሰው ሲተነፍስ፣ ሲናገር፣ ሲዘምርና ሲያስል ከአፉና ከአፍንጫው የሚወጡ ረቂቅ ጠብታዎች እንደ ብናኙ በአየር ላይ ይንሳፈፋሉ። ሰውየው ታማሚ ከሆነ ከጠብታዎቹ አንዳንዶቹ ቫይረስ ወይም ባክቴሪያ ይሸከማሉ። ታዲያ ብዙ ሰው የሚሰበሰብበትን ክፍል አየር፣ ውድ መሣሪያ መግዛት ሳያስፈልግ ከእነዚህ ቅንጣቶች ማጽዳት ይቻላልን? መልሱ አዎን ነው። ለምን እንደሚቻል ለመረዳት ግን ስለ ማጣሪያ በብዙዎቻችን አእምሮ የተቀረጸውን አንድ የተሳሳተ ሥዕል ማረም ይኖርብናል።

የሚወድቀውና የሚንሳፈፈው

በአየር ውስጥ በሚወርድ ቅንጣት ላይ በዋናነት ሁለት ኃይሎች ያርፋሉ። ስበት ወደ ታች ይጎትተዋል፤ የአየር ሰበቃ ደግሞ ይቃወመዋል። ሁለቱ ሲመጣጠኑ ቅንጣቱ ሳይፋጠን በአንድ ወጥ ፍጥነት ይወርዳል። ጆርጅ ስቶክስ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባወጣው ሕግ መሠረት የአንድ ትንሽ ሉላዊ ቅንጣት የመውረጃ ፍጥነት ከዲያሜትሩ ካሬ ጋር ተመጣጣኝ ነው። ይህም ማለት ዲያሜትሩ በ10 እጥፍ ሲያንስ ፍጥነቱ በ100 እጥፍ ይቀንሳል።

ይህን በቁጥር እንመልከተው። ከአንድ የቆመ ሰው አፍ፣ ማለትም ከ1.5 ሜትር ከፍታ፣ በማይንቀሳቀስ አየር ውስጥ የሚወርዱ ሦስት ጠብታዎች እንውሰድ። ዲያሜትሩ 100 ማይክሮ ሜትር የሆነው፣ የፀጉር ውፍረት ያህል ነው፣ በ6 ሰከንድ ገደማ መሬት ይደርሳል። ዲያሜትሩ 10 ማይክሮ ሜትር የሆነው 8 ደቂቃ ያህል ይወስድበታል። ዲያሜትሩ 1 ማይክሮ ሜትር የሆነው ግን ወደ 12 ሰዓት ያስፈልገዋል። በእውነተኛ ክፍል ውስጥ ደግሞ አየሩ አይረጋም። የሰው ገላ ሙቀት አየርን ወደ ላይ ያነሳል፤ የሚመላለስ ሰውና የሚከፈት በር ያናውጠዋል። ስለዚህ ትንሹ ቅንጣት ወለል ላይ ከማረፉ በፊት በክፍሉ ሁሉ ይዳረሳል።

ከዚህ ላይ ሌላ ነገር ይጨመራል። ከአፍ የወጣ ትንሽ ጠብታ ውኃው በአጭር ጊዜ ስለሚተን ይኮማተራል፤ የሚቀረው ጨው፣ ፕሮቲንና ምናልባትም ቫይረስ ነው። ይህን የመትነን ሂደት አሜሪካዊው ዊልያም ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1934 ዓ.ም. መርምሮ አሳይቷል። ሊወድቅ የሚችል የነበረው ጠብታ እየደረቀ በሄደ ቁጥር ተንሳፋፊ ይሆናል ማለት ነው።

ከሁለት ክፍሎች የተገኘ ትምህርት

በአገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ 19 ታማሚ መገኘቱ የተገለጸው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ በሦስት ቀን ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2020 ዓ.ም.፣ በአሜሪካ ዋሽንግተን ክፍለ ግዛት በማውንት ቨርነን ከተማ 61 የመዘምራን ቡድን አባላት ለልምምድ ተሰበሰቡ። ልምምዱ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ፈጀ። ከመካከላቸው አንዱ የጉንፋን የሚመስል ስሜት ነበረው። በኋላ በተደረገው ማጣራት ከ61ዱ ሰዎች 53ቱ መታመማቸው ታወቀ፤ 33ቱ በምርመራ የተረጋገጡ፣ 20ዎቹ ደግሞ በምልክታቸው የተገመቱ ነበሩ። ሁለት ሰዎች ሞቱ። አንድ ሰው በሁለት ሰዓት ተኩል ውስጥ ለሃምሳ ሰዎች ፊት ለፊት ሊያስል አይችልም። ሁሉንም የሚያገናኛቸው አንድ ነገር በጋራ የተነፈሱት አየር ነበር።

የዓለም የጤና ድርጅት በዚያው ወር መጨረሻ በሽታው በአየር የሚተላለፍ አይደለም ብሎ ነበር። ማስረጃው እየተጠናከረ ሲሄድ ግን እ.ኤ.አ. በ2021 ዓ.ም. አቋሙን አሻሽሎ፣ በተዘጉና አየር በማይናፈስባቸው ክፍሎች በሽታው ራቅ ብለው ለተቀመጡ ሰዎችም እንደሚደርስ አስታወቀ።

ስለ ሳንባ ነቀርሳ ግን ተመሳሳይ ማስረጃ ከተገኘ ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ሪቻርድ ራይሊና ባልደረቦቹ በ1950ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን የተኙበትን ክፍል አየር በቧንቧ አውጥተው ጊኒ ፒግ የተባሉት ትናንሽ እንስሳት ወዳሉበት ክፍል አስገቡት። እንስሳቱ ሕሙማኑን አላዩም፣ አልነኩም፤ ሆኖም በበሽታው ተያዙ። በኋላም አየሩ በመንገዱ ላይ በአልትራ ቫዮሌት ብርሃን እንዲያልፍ ሲደረግ፣ ያን አየር የሚተነፍሱት እንስሳት ከበሽታው ተጠበቁ። እዚህ ላይ የምናስተውለው ነገር ቢኖር አየሩን ማከም በሽታውን መከላከል መሆኑን ነው። ኢትዮጵያ የሳንባ ነቀርሳ ጫና ከበረታባቸው 30 የዓለም አገሮች አንዷ ስለሆነች፣ ይህ ትምህርት ከአንድ ወረርሽኝ ጋር መጥቶ የሚሄድ አይደለም።

ማጣሪያ እንዴት ይይዛል?

የጤፍ ዱቄት ስንነፋ ከወንፊቱ ዐይን የሚበልጠው ይቀራል፣ የሚያንሰው ያልፋል። ብዙ ሰው የአየር ማጣሪያም እንዲሁ የሚሠራ ይመስለዋል። ከዚህም በመነሳት፣ «የኮሮና ቫይረስ ዲያሜትር 0.1 ማይክሮ ሜትር ያህል ነው፤ የማጣሪያው ቀዳዳ ከዚህ ስለሚሰፋ ቫይረሱ ያልፋል» ብሎ ይደመድማል። ድምዳሜው በሁለት በኩል ስሕተት ነው። አንደኛ፣ ቫይረሱ ብቻውን አይበርም፤ ከእርሱ በሚበልጥ የደረቀ ጠብታ ውስጥ ተሸፍኖ ነው የሚጓዘው። ሁለተኛ፣ የአየር ማጣሪያ ወንፊት አይደለም። በዘፈቀደ የተዘበራረቁ ቀጫጭን ክሮች የሞሉበት ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ነው እንበል፤ በክሮቹ መካከል ያለው ክፍተት ከሚያዙት ቅንጣቶች በብዙ እጥፍ ይሰፋል። ቅንጣቱ የሚያዘው ከአንዱ ክር ጋር ስለሚላተምና ስለሚጣበቅ ነው። ወደ ክሩ የሚያደርሱት መንገዶችም ዋና ዋናዎቹ አራት ናቸው።

የመጀመሪያው በኢነርሺያ ነው። አየሩ ክሩን ለመዞር ሲታጠፍ፣ ከበድ ያለው ቅንጣት የያዘውን አቅጣጫ ቶሎ መለወጥ ስለማይችል ቀጥ ብሎ ሄዶ ክሩን ይመታል። በኩርባ ላይ ፍጥነት አብዝቶ ከመንገድ የሚወጣ የጭነት መኪና ለዚህ ምሳሌ ይሆነናል።

ሁለተኛው በመታከክ ነው። ቅንጣቱ ከአየሩ ጋር ቢታጠፍም፣ የራሱ አካል ስፋት ስላለው በክሩ አጠገብ ሲያልፍ ይነካውና ይቀራል።

ሦስተኛው በብራውናዊ እንቅስቃሴ ነው። በጣም ትንሽ የሆነ ቅንጣት በአየር ሞለኪውሎች እየተገፋ ወዲያና ወዲህ ይዋልላል። በጫካው መካከል ሰክሮ እንደሚሄድ ሰው፣ ቀጥ ብሎ ከሚሄደው ይልቅ ከዛፍ ጋር የመላተም ዕድሉ ይሰፋል። ቅንጣቱ ባነሰ ቁጥር መዋለሉ ይብሳል፤ ስለዚህም እጅግ ትንሹ ቅንጣት በቀላሉ ይያዛል።

አራተኛው በኤሌክትሪክ መሳሳብ ነው። ብዙ ዘመናዊ ማጣሪያዎች ሲሠሩ ክሮቻቸው ቋሚ ሙል ይሰጣቸዋል። ማበጠሪያ በፀጉር ታሽቶ የወረቀት ብጣሽ እንደሚስብ ሁሉ፣ ክሮቹም ቅንጣቶችን ይስባሉ።

ትልቁ በኢነርሺያ፣ ትንሹ በመዋለል ከተያዘ ከሁሉ ይበልጥ የሚያመልጠው መካከለኛው ነው ማለት ነው። ኢርቪንግ ላንግሚር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ይህን በስሌት መርምሮ፣ አስቸጋሪው መጠን 0.3 ማይክሮ ሜትር አካባቢ መሆኑን አመለከተ። ማጣሪያዎች እስከ ዛሬ በዚህ መጠን አካባቢ የሚፈተኑት ለዚህ ነው። ሔፓ የሚባለው ውድ ማጣሪያ በዚህ መጠን ካሉ ቅንጣቶች 99.97 በመቶውን መያዝ ይጠበቅበታል። ሜርቭ 13 የሚባለው ርካሽ ማጣሪያ ደግሞ ከ0.3 እስከ 1 ማይክሮ ሜትር ካሉት ቢያንስ 50 በመቶውን፣ ከ1 እስከ 3 ማይክሮ ሜትር ካሉት ቢያንስ 85 በመቶውን ይይዛል። እነዚህን ቁጥሮች ያየ አንባቢ ሔፓ የግድ ይበልጣል ብሎ ሊፈርድ ይችላል። ፍርዱን ጥቂት እንዲያዘገይ እንጠይቀዋለን።

የኮርሲና የሮዘንታል ሳጥን

እ.ኤ.አ. በ2020 ዓ.ም. ክረምት፣ ፋብሪካ የሠራቸው የአየር ማጽጃዎች ዋጋቸው በናረበት ጊዜ፣ የአየር ጥራት ተመራማሪው መሐንዲስ ሪቻርድ ኮርሲ አንድ ሐሳብ አቀረበ። በቴክሳስ የማጣሪያ ድርጅት የሚመራው ጂም ሮዘንታልም ሐሳቡን ወስዶ ሠራው። ከዚያ በፊት በአሜሪካ ምዕራባዊ ክፍል ያሉ ሰዎች የሰደድ እሳት ጭስ ሲበዛባቸው አንድ ማጣሪያ በቬንትሌተር ላይ ያስሩ ነበር። አዲሱ ሐሳብ አንዱን ማጣሪያ አራት ማድረግ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። እያንዳንዳቸው 50 ሴንቲ ሜትር በ50 ሴንቲ ሜትር የሚሆኑ አራት የሜርቭ 13 ማጣሪያዎች እንደ ግድግዳ ይቆማሉ። በማጣሪያው ጠርዝ ላይ የታተመው ቀስት ወደ ሳጥኑ ውስጥ ማመልከት አለበት። ከሥር ካርቶን ይደረጋል፤ ከላይ አራት ማዕዘን ቬንትሌተር አየሩን ወደ ላይ እንዲገፋ ሆኖ ይቀመጣል። መጋጠሚያው ሁሉ በሰፊ ፕላስተር ይታሸጋል። በመጨረሻም በቬንትሌተሩ አራት ማዕዘኖች ላይ የወጣው አየር ተመልሶ እንዳይገባ፣ መካከሉ በክብ የተቆረጠ ካርቶን ይለጠፋል። በወቅቱ በአሜሪካ ዕቃው ሁሉ ከ60 እስከ 100 ዶላር ገደማ ያወጣ ነበር።

አራት ማጣሪያ ለምን አስፈለገ? ቬንትሌተሩ በሰዓት 1200 ሜትር ኩብ፣ ማለትም በሰከንድ 0.33 ሜትር ኩብ አየር ያንቀሳቅሳል እንበል። የአንድ ማጣሪያ ስፋት 0.25 ሜትር ካሬ ስለሆነ፣ ይህ ሁሉ አየር በአንድ ማጣሪያ ቢያልፍ ፍጥነቱ በሰከንድ 1.33 ሜትር ይሆናል። በአራቱ ሲካፈል ግን 0.33 ሜትር ብቻ ነው። በዝግታ የሚያልፍ አየር ሁለት ጥቅም ይሰጣል። ማጣሪያው የሚፈጥረው የግፊት ልዩነት ስለሚቀንስ ደካማው ቬንትሌተር ብዙ አየር መሳብ ይችላል። ትንንሾቹ ቅንጣቶችም በክሮቹ መካከል ረዘም ያለ ጊዜ ስለሚቆዩ የመያዝ ዕድላቸው ይጨምራል። የማጣሪያው ጨርቅ እንደ ሽንሽን ቀሚስ የታጠፈበት ምክንያትም በአነስተኛ ቦታ ሰፊ ገጽ ለማግኘት ነው።

በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ያሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2022 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት ሳጥኑ እንደ ቬንትሌተሩ ፍጥነት በሰዓት ከ1000 እስከ 1400 ሜትር ኩብ የሚደርስ ንጹሕ አየር እንደሚያቀርብ ለክተዋል።

ስሌቱ ምን ይላል?

አሁን የዘገየውን ፍርድ እንስጥ። የአንድ አየር ማጽጃ ጥቅም የሚለካው በዚህ ነው፦

ንጹሕ የአየር አቅርቦት = የማጣራት ብቃት × የአየር ፍሰት

አንድ አነስተኛ የሔፓ መሣሪያ በሰዓት 200 ሜትር ኩብ አየር ያሳልፋል እንበል። ብቃቱ ከ1 ጋር እኩል ነው ብንል እንኳ የሚሰጠው ንጹሕ አየር 200 ሜትር ኩብ ነው። ሳጥናችን ደግሞ ብቃቱ 0.6 ብቻ ሆኖ በሰዓት 1700 ሜትር ኩብ ቢያሳልፍ፣ የሚሰጠው ንጹሕ አየር 1020 ሜትር ኩብ ነው፤ ይህም ከአምስት እጥፍ ይበልጣል። በመጀመሪያው ዙር ያመለጠው ቅንጣት ተመልሶ ሲመጣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዙር ይያዛልና። ጥቂት አየር ፍጹም አድርጎ ከማጣራት ይልቅ ብዙ አየር ደኅና አድርጎ ማጣራት ይሻላል፤ የጽሑፋችን ዋና ነጥብም ይኸው ነው።

ወደ መማሪያ ክፍል እንውሰደው። ርዝመቱ 8፣ ስፋቱ 7፣ ከፍታው 3 ሜትር የሆነ ክፍል ይዘቱ 168 ሜትር ኩብ ነው። መስኮቱ ተዘግቶ በስንጥቅ በሚገባው ነፋስ ብቻ አየሩ በሰዓት አንድ ጊዜ ይለወጣል እንበል። አንድ ታማሚ በሰዓት 1000 ተላላፊ ቅንጣቶች ያወጣል ብለን ለስሌት ያህል እንገምት። ሁኔታው ሲረጋ የሚወጣውና የሚወገደው እኩል ስለሚሆን፦

የቅንጣቶች ክምችት = በሰዓት የሚወጡ ቅንጣቶች ÷ በሰዓት የሚገባ ንጹሕ አየር

ያለ ሳጥኑ 1000 ÷ 168፣ ማለትም በአንድ ሜትር ኩብ ወደ 6 ቅንጣት ይሆናል። በሰዓት 1000 ሜትር ኩብ ንጹሕ አየር የሚሰጥ ሳጥን ሲጨመር ግን 1000 ÷ 1168፣ ማለትም 0.86 ገደማ ይሆናል። የተቀመጠ ተማሪ በሰዓት ግማሽ ሜትር ኩብ ያህል አየር ስለሚተነፍስ፣ በሁለት ሰዓት ትምህርት በመጀመሪያው ሁኔታ 6፣ በሁለተኛው ከ1 ያነሰ ቅንጣት ወደ ሳንባው ያስገባል። አደጋው አልጠፋም፤ በሰባት እጥፍ ግን ቀንሷል።

ታማሚው ከክፍሉ ከወጣ በኋላስ? ክምችቱ በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ 0.69ን በሰዓት ለሚለወጠው አየር ብዛት በማካፈል ይገኛል። አየሩ በሰዓት አንድ ጊዜ ሲለወጥ 41 ደቂቃ፣ ሰባት ጊዜ ሲለወጥ 6 ደቂቃ ያህል ነው።

መስኮትን ማን ይተካዋል?

ስሌቱ ሌላም ነገር ይነግረናል። ለውጡ በሰዓት 12 በሆነ ክፍል ውስጥ ያንኑ ሳጥን ብንጨምር 12 ወደ 18 ያድጋል፤ ክምችቱም በአንድ ሦስተኛ ብቻ ይቀንሳል። አንድ ሳጥን ብቻ ካለን ከሁሉ ይበልጥ ወደታፈነው ክፍል መሄድ ይገባዋል።

መስኮት ሊከፈት በሚችልበት ቦታ ደግሞ ከሳጥኑ በፊት መስኮቱ ይቅደም። በፔሩ ሊማ ከተማ በሚገኙ ስምንት ሆስፒታሎች በተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2007 ዓ.ም. በታተመ ጥናት፣ መስኮትና በር ሲከፈት አየሩ በሰዓት 28 ጊዜ ያህል እንደሚለወጥ ታውቋል። ይህም በማሽን አየር ለሚናፈስባቸው የሕሙማን ክፍሎች ከሚመከረው 12 ከእጥፍ በላይ ነው። ጣራቸው ከፍ ያለና መስኮታቸው ሰፊ የሆነ ጥንታዊ ክፍሎች ከዘመናዊዎቹ የተሻሉ ሆነው መገኘታቸውም ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

በእኛ ዘንድ ግን ከመስኮቱ ጋር የቆየ ጠብ አለ። ሚኒባስ ውስጥ አንዱ መስኮት ሲከፍት ሌላው «ዝጋው፣ ብርድ ይመታናል» ይላል፤ ከተሳፋሪውም ብዙው ከሚዘጋው ጋር ይተባበራል። እኛም ስንሳፈር ለብዙ ጊዜ ከዘጊዎቹ ወገን እንደነበርን አንክድም። የነፋሱ ቅዝቃዜ ያስቸግር ይሆናል፤ ጉንፋንን፣ ኮቪድንና ሳንባ ነቀርሳን የሚያመጣው ግን ቅዝቃዜው ሳይሆን ከሌላ ሰው ሳንባ የወጣው ተሕዋስ ነው። ብርድን ጋቢ ይከላከለዋል፤ የታፈነን አየር ግን ጋቢ አይከላከለውም። መስኮቱን ሁለት ጣት ያህል እንኳ መክፈት፣ ቢቻል በተቃራኒ በኩል ያለውንም አብሮ መክፈት፣ ምንም ወጪ የሌለው የአየር ማጽጃ ነው።

ሳጥኑ ቦታ የሚኖረው መስኮት በማይከፈትበት ነው፤ በክረምት ዝናብ ጊዜ፣ አቧራና ጭስ በበዛበት ሠፈር፣ መስኮት በሌለው ቤተ ሙከራ ወይም በሕሙማን መጠባበቂያ ክፍል። ወደ 75 ዋት የሚወስድ ቬንትሌተር በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ የሚፈጀው ኃይል 0.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። መብራት ሲጠፋ ሳጥኑም ይቆማልና መስኮቱን ፈጽሞ መርሳት አይገባም።

ሊታወቁ የሚገባቸው ገደቦች

ሳጥኑ ቅንጣትን እንጂ ጋዝን አይዝም። የካርቦን ዳይኦክሳይድን መጠን አይቀንስም፤ ከከሰል የሚወጣውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ፈጽሞ አያስወግድምና ከሰል በተያያዘበት ዝግ ክፍል ማንም እንዳይታመንበት። በቅርብ ፊት ለፊት ከሚያወራ ታማሚ የሚመጣውን ትንፋሽም ሳይደርስብን ሊያጸዳው አይችልም፤ ለዚያ ጭምብልና ርቀት ያስፈልጋሉ። ማጣሪያው አይታጠብም፤ ቢረጥብ የክሮቹ የኤሌክትሪክ ሙል ሊጠፋ ይችላል። ሲቆሽሽ ይለወጣል እንጂ። የቬንትሌተሩ ሞተር እንዳይግል መከታተል፣ አሮጌና ገመዱ የተላጠ ቬንትሌተርም አለመጠቀም ተገቢ ነው። በድምፁ ምክንያት ሳጥኑን ማጥፋት የተለመደ ስለሆነ፣ ዝቅ ባለ ፍጥነት ማሠራት ጨርሶ ከማጥፋት ይሻላል።

ማጠቃለያ

ይህ ሳጥን አዲስ የተፈጥሮ ሕግ አልተገኘበትም። የስቶክስ ሕግ፣ ብራውናዊ እንቅስቃሴና የፍሰት ስሌት ሁሉም ከእኛ በፊት የታወቁ ናቸው። አዲሱ ነገር እነዚህን አገናኝቶ በካርቶንና በፕላስተር መሥራት ብቻ ነበር። በክፍል ውስጥ የምንማረው ቀመር የማንን ሳንባ ሊጠብቅ እንደሚችል የሚያይ ተማሪ፣ ያን ቀመር ለፈተና ብቻ አያጠናውም ብለን እናምናለን።

ለተማሪዎች መልመጃ

1. ይዘቱ 90 ሜትር ኩብ የሆነ ክፍል አየሩ በሰዓት አንድ ጊዜ ይለወጣል። በሰዓት 720 ሜትር ኩብ ንጹሕ አየር የሚሰጥ ሳጥን ቢገባበት የተላላፊ ቅንጣቶች ክምችት በስንት እጥፍ ይቀንሳል?

2. ቬንትሌተር በሰከንድ 0.4 ሜትር ኩብ አየር ቢስብ፣ ስፋቱ 0.25 ሜትር ካሬ በሆነ አንድ ማጣሪያና በአራት ማጣሪያዎች ውስጥ የአየሩ ፍጥነት ስንት ይሆናል?

3. ቡና ሲፈላ ዕጣን ይጨስ። መስኮቱ ተዘግቶና ተከፍቶ፣ በፀሐይ ጨረር ወይም በእጅ ባትሪ ብርሃን የሚታየው ጭስ እስኪጠፋ የሚወስደውን ጊዜ ለኩና አነጻጽሩ። ጭሱ ከጠፋ በኋላ ሽታው ለምን እንደሚቆይም አብራሩ።

መልስ፦ የ1ኛው 9 እጥፍ፤ የ2ኛው በሰከንድ 1.6 ሜትርና 0.4 ሜትር። የ3ኛውን ከየቤታችሁ አየር ታገኙታላችሁ።